የገናዥ እጅ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ግንዘት ሥራ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ «ለቀባሪው አረዱት» እንዳይሆንብኝ ብዬ አመንትቼ ነበር። ሬሳ ያልሸኘ፣ ጉድጓድ ያልቆፈረ ሰው በመካከላችን የለምና። ነገር ግን ሳስበው፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ድንኳኑን፣ ንፍሮውንና ቀብሩን ነው። በሩ ተዘግቶ ውስጥ የሚሠራውን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ እኔ ስለሆንሁ፣ ያየሁትንና የተሰማኝን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በቡሬ ገጠር ነው። እዚያ ቀብር የጎረቤት ሥራ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ጎረምሳው ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሴቶች ውሃ ያሞቃሉ፤ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ቃሬዛ ይታሰራል፤ መንገዱ ሲርቅ ወጣቱ ትከሻ እየተቀያየረ ይሸከማል። አዲስ አበባ ብንሄድ ሣጥን የሚሸጡ፣ የሬሳ መኪና የሚያከራዩ፣ ቀብር አስፈጽመው የሚኖሩ ነጋዴዎች አሉ። እዚህም ፍኖተ ሰላም ገንዘብ ያለው ሣጥን ይገዛል። ማጠቡና መገነዙ ግን እስከ ዛሬ በጎረቤት እጅ ነው ያለው።

የመጀመሪያ ቀን የተጠራሁት ውሃ እንዳፈስ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሁ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሟቹን በጎኑ ሲያገላብጡት ከደረቱ ድምፅ ወጣ። ምን ልበላችሁ! ማሰሮውን ጥዬ በር ጋ ደረስሁ። ሽማግሌው ግን ሳይቆጡ፣ «ሳንባው ውስጥ የቀረ አየር ነው ልጄ፤ ና፣ ውሃውን ያዝልኝ» አሉኝ። ተመለስሁ። ፍርሃቴ ያን ቀን አልጠፋም፤ ግን ስሙን አወቅሁት፤ አለማወቅ ነው።

ስለዚህ ለማታውቁት ላስረዳ። ሰው እንዳረፈ አስቀድሞ ዓይኑ ይከደናል፤ አገጩ በጨርቅ ይታሰራል። ይህ የማይዘገይበት ምክንያት አለው። ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰውነት መድረቅ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚደርቀውም ሽፋሽፍትና መንጋጋ አካባቢ ነው። በዋይታው ተረስቶ የቆየ እንደሆነ አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ይቀራል፤ ለቤተሰቡም የማይረሳ ሐዘን ይሆናል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት። እጆቹ ይሰበሰባሉ፤ አውራ ጣቶቹ በክር ይታሰራሉ፤ በነጭ አቡጀዲ ይገነዛል። ካህናቱም መጽሐፈ ግንዘቱን ያነባሉ። ሥራው ይኸው ነው። ጠባዩ ግን ሁለት ነው፤ አለመቸኮልና ያዩትን አለመናገር። የሰው ገላ ቁስልም፣ ድህነትም፣ የተሰወረ ደዌም ይይዛል። ገናዥ ያየውን ይዞት ይቀበራል።

ታዲያ የሚከብደው ሬሳው አይደለም። የሚከብደው የሕያው ፊት ነው። ሳጥበው የዋልሁት ሰው ወንድም ከቀብር መልስ እጄን ላለመጨበጥ ነጠላውን ሲያስተካክል አይቻለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ መሶብ መቅረብ የሚከብደውም አለ። አልቀየምም፤ እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ፈርቻለሁና። እሱንም ልናገር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤድስ በየቤቱ ሰው የሚወስድበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ያረፈ ወጣት ልገንዝ ተጠራሁ። ከሰው ተለይቶ፣ ከስቶ የሞተ ልጅ ነበር። በሩን ዘጋሁና ቆሜ አየሁት። ውሃው ሞቆ ቀርቧል፤ ሳሙናው አለ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሳላጥበው፣ ከነልብሱ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ውሃውን ጓሮ ደፋሁት። ስወጣ እናቱ በር ላይ ቆማ፣ «ገላውን አጠባችሁልኝ?» አለችኝ። «አዎን» አልኋት።

ዋሸኋት። ያቺ እናትም አርፋለች፤ ይቅርታ ሳልጠይቃት። ከዚያ በኋላ የጤና ባለሙያ ሲያስረዳን፣ ቫይረሱ ጤነኛ ቆዳ በመንካት እንደማይተላለፍ፣ ጥንቃቄ የሚያሻው ለደምና ለቁስል እንደሆነ ተማርሁ። ጓንት ማጥለቅ፣ ዕቃውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ማጽዳት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ። ይህን ያህል ነበር! በአንድ ጥንድ ጓንት እጦትና ባለማወቄ ያንን ልጅ ሳላጥብ ቀበርሁት። በኮሌራ የሞተ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ገላውም ልብሱም ያስተላልፋልና፣ ጤና ጣቢያ ሳይጠራ ማንም አይንካ።

ሙስሊም ወንድሞቻችን በዚህ ነገር ትልቅ ትምህርት አላቸው። ሟችን ማጠብና መከፈን በእነርሱ ዘንድ የማኅበሩ ሁሉ ግዴታ ነው። ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ተጠያቂ ነው። እኛም ብንሆን በዕለተ ስቅለት የምናስባቸው ዮሴፍና ኒቆዲሞስ የጌታችንን ሥጋ የገነዙ ናቸው። ገናዥን የሚጸየፍ ሰው እነሱን ያስባቸው።

ይህን ሁሉ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዕድራችን የሚያጥቡት ወንዶች አርጅተናል፤ ጉልበታችን ተንበርክኮ አይነሣም። ሴቶቹም እንዲሁ። የሚተካን ግን አላየሁም። ወጣቱ ድንኳን ይተክላል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በሩ ሲዘጋ ግን ወደ ውጭ ይወጣል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚህች በፍኖተ ሰላም ከሃያ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን አለቀ። እንዲያ ያለውን ቀን አያምጣብን፤ ቢመጣ ግን የሚያጥበው እጅ ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ለጠቅላላው ስብሰባ የማቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከየመንደሩ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ወጣቶች ተመርጠው፣ እኛ ቆመን ሳለን ከእኛ ጋር እየገቡ ይማሩ። መጀመሪያ ውሃ ያፍስሱ፤ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር አንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ በውስጡም ጓንት፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ፎጣና አቡጀዲ ይኑርበት። ወጪው ብዙ አይደለም።

እኔን የሚያጥበኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እዚህ ተቀምጦ የሚሰማኝ ልጅ ይሆናል። ልጄ ሆይ፣ ስታገላብጠኝ ድምፅ ብሰጥ አትሽሽ፤ አየር ነው። ደግሞም ዘመዶቼ በር ላይ ሲጠይቁህ እውነቱን መናገር እንድትችል አድርገህ እጠበኝ።

ቀባሪ አያሳጣን!