በሩ፣ ሚዛኑና ቆጠራው
ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በዓመታዊው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



የተሰጠኝ ርእስ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ፍትሐዊ ነው ወይ?» የሚል ነው። ሁላችንም ለዚህ መልስ አለን። ችግሩ የምንመልሰው ጥያቄ የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ «ድምፁ በትክክል ይቆጠራል ወይ?» የሚለውን ይመልሳል። ሌላው «የእኔ ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ እኩል ይመዝናል ወይ?» የሚለውን። ሦስተኛው ደግሞ «መምረጥ የሚገባው ሁሉ ሳጥኑ ጋ ይደርሳል ወይ?» የሚለውን። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ከፍዬ ልየው፦ ቆጠራው፣ ሚዛኑና በሩ።

ከቆጠራው ልጀምር። እኛ ምርጫ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን እሱ ነው። የ1997 ዓ.ም. ምርጫን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሕዝቡ እስከ ሌሊት ተሰልፎ መረጠ፣ ጠቡ የመጣው በኋላ በቆጠራው ነው። ይህን ትዝታ ይዘን ስለመጣን እዚህም «ተወው ባክህ፣ ያሰቡትን ነው የሚያወጡት» ማለት ይቀናናል።

እስቲ የ2020ን ጆርጂያ እንይ (ከአሁን በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ጆ ባይደን ዶናልድ ትራምፕን የበለጡት ወደ 12 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ነበር። ወደ 5 ሚሊዮን የሚሆነው ድምፅ በሙሉ በእጅ ተቆጠረ፤ አሸናፊው አልተለወጠም። በተሸናፊው ወገን ጥያቄ እንደገና በማሽን ተቆጠረ፤ አሁንም ያው። የስቴቱን ምርጫ በበላይነት የሚመሩት ባለሥልጣን ደግሞ የተሸናፊው ፓርቲ አባል ነበሩ። በልዩ ልዩ ስቴቶች ከ60 በላይ ክሶች ቀረቡ፤ ውጤት የለወጠ አንድም የለም። ቆጠራ የሰው ሥራ ነውና ስሕተት አያጣውም። ግን ወረቀቱ አለ፣ ታዛቢው አለ፣ ዳኛው አለ።

ወደ ሚዛኑ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካዊ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። 538 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፆች አሉ፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ስቴት በኮንግረስ ባሉት ተወካዮችና በሁለቱ ሴናተሮቹ ቁጥር ልክ ይደርሰዋል። ዋዮሚንግ 600 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ይዛ 3 አላት፤ ካሊፎርኒያ ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ 54። አስሉት፤ ዋዮሚንግ ውስጥ አንዱ ኤሌክቶራል ድምፅ ከ200 ሺህ ለሚያንስ ሰው ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ700 ሺህ ለሚበልጥ።

ከዚህም የሚብሰው አሸናፊው ሁሉን የሚጠቀልልበት ደንብ ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በሁሉም ስቴት በአንድ ድምፅም ያሸነፈ ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በመላው አገር ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ፤ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ ላይ የነበረው ልዩነት ተደምሮ 80 ሺህ አይሞላም። በ2000 አል ጎር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በልጠው በፍሎሪዳ 537 ድምፅ ተሸነፉ። እርግጥ በ2000 የፍሎሪዳን ድጋሚ ቆጠራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስላስቆመው ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። የ2016ቱ ግን ሕጉ እንደተጻፈው ነው የተፈጸመው። ጉድለት ካለ ያለው ሕጉ ላይ ነው።

የሚከላከሉለትም አሉ። «አገሩ ፌዴሬሽን ነው፣ ትልልቁ ስቴት ትንሹን እንዳይውጠው» ይላሉ። ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቀልደን የምናልፈውም አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ስቴቶች ይሁንታ ስለሚጠይቅ ሚዛኑ ነገ አይስተካከልም። ሆኖም ስቴቶች ኤሌክቶራል ድምፃቸውን በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ድምፅ ላገኘው ለመስጠት የሚገቡት ስምምነት አለ፤ በ2007 መጀመሪያ የፈረመችው የብዙዎቻችን መኖሪያ ሜሪላንድ ናት። ሥራ ላይ የሚውለው የፈራሚዎቹ ድምፅ 270 ሲሞላ ነው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። እኔ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

በ1965 ሚሲሲፒ ውስጥ በመራጭነት የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ 7 አይሞሉም ነበር። የምርጫ መብት ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 ደረሱ። የሕዝቡ ፍላጎት በሁለት ዓመት ስምንት እጥፍ አላደገም፤ የተከፈተው በሩ ነው። ያው ሕግ በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ብዙ ጉልበቱን አጥቷል።

ዛሬስ? ምርጫው በ1845 በወጣ ሕግ ማክሰኞ ነው፣ የሥራ ቀን። ምዝገባው በአብዛኛው ስቴት የዜጋው የራሱ ጣጣ ነው፤ ቤት የለወጠ ሰው ሳያድስ ቀኑ ያልፍበታል። ሚኒሶታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በምርጫው ዕለት መመዝገብን ፈቅዳለች፤ በመራጭ ብዛትም አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኞቹ ናት። በ2020 በፖስታ መምረጥ በተስፋፋበት ጊዜ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ 66 ከመቶ ያህሉ መረጠ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ቁጥር ነው። በዚያ እንኳ ሦስት እጅ ከሚሆነው አንዱ እጅ ቀርቷል። ጆርጂያን የወሰነው 12 ሺህ ከዚህ አጠገብ ምንድን ነው? ጩኸቱ ሁሉ ቆጠራው ላይ ነው፤ ድምፅ በብዛት የሚጠፋው ግን በር ላይ ነው።

«እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ውጤቱ የታወቀ ነው» የሚለኝ ወዳጅ ብዙ ነው። ስለ ፕሬዚዳንቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የፕሬዚዳንቱ ስም የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ የትምህርት ቦርዱ፣ የካውንቲው ምክር ቤት፣ እንደየቦታው ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው ሁሉ ይመጣሉ። እዚያ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የለም፤ ድምፅ በድምፅነቱ ነው የሚቆጠረው። በ2017 ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደሩ ሁለት ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው ስም ከጎድጓዳ ሳሕን ወጥቶ በዕጣ ተለየ፤ ምክር ቤቱን የሚይዘው ፓርቲም በዚያው ዕጣ ተወሰነ። አንድ ጎረቤት ከሥራ መልስ ጎራ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሳሕኑ ባላስፈለገ!

ታዲያ ምን እናድርግ? ዜግነት ያለን ሁሉ አድራሻ በለወጥን ቁጥር ምዝገባችንን እናድስ። ወላጆቻችንን አንርሳ። የ1975ቱ የፌዴራል የቋንቋ ሕግ አማርኛን አይጨምርም፤ ዋሽንግተን ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው ሕግ መሠረት አማርኛ ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የትም ስቴት ቢሆን ደግሞ የምርጫ ወረቀቱን ማንበብ ያቃተው ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት በፌዴራል ሕግ ይችላል፤ ልጁም ቢሆን፣ ጓደኛውም ቢሆን። የተከለከሉት አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ብቻ ናቸው። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች ማክሰኞን ቤት ይውላሉ!

መምህራኖቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ኬኔዲ ላይብረሪ ያልተቀመጠ የስድስት ኪሎ ተማሪ የለም። ስሙ በደጁ ያለው ሰው በ1960 ሲመረጡ በሕዝብ ድምፅ የበለጡት ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነው። እዚያ ለሚቀመጠው ልጅ ስለ ማንኛውም አገር ምርጫ ስታስተምሩ፣ «ማን አሸነፈ?» ከማለቱ በፊት ሦስቱን እንዲጠይቅ አስለምዱት፦ ማን ገባ? ስንት መዘነ? ማን ቆጠረ?