በዓሉ ግርማና ያልተዘጋው መዝገብ

(በሥነ ጽሑፍ ምሽት የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገርበት ጉዳይ የተጀመረው በመጻሕፍት ቤት ሳይሆን በመርካቶ ነው። አንዳንዶቻችን አዲስ ከተማ ተወልደን ያደግን ስለሆንን፥ በዕረፍት ቀን በምዕራብ ሆቴል አካባቢ ስንዘዋወር አንድ የሱቅ ልጅ ገዢ በሌለባት ፋታ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ አየን። መጽሐፉ ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፤ ጀርባው በፕላስተር ተጣብቋል። ምን እንደሚያነብ ብንጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል «ቆዩ፤ ሰላዩ ማን እንደ ሆነ ልደርስበት ነው» አለን። መጽሐፉ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነበረ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እዚሁ ግቢ ውስጥ በተደረገ ክርክር፥ የስለላና የወንጀል ልብ ወለድ «የሥራ ፈት ማንበቢያ ነው» ሲባል ሰምተን ነበር። ያን ቃልና ይህን የሱቅ ልጅ አንድ ላይ ስናስባቸው አልገጠሙልንም። ይህ ንግግር መልሳችን ነው።

በዓሉ ግርማ በኢሉባቦር፥ በሱጴ ተወለደ። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስና የጋዜጠኝነት ትምህርት ተከታተለ። እዚያም ሳለ የተማሪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ነበረ፤ ይህን የምናነሣው በእጃችን የያዝነው ዓይነት ወረቀት እሱንም እንዳሳደገው ለማስታወስ ነው። በአሜሪካ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጥሎ ከተመለሰ በኋላ በመነን መጽሔት፥ በአዲስ ሪፖርተር፥ በአዲስ ዘመንና በኢትዮጵያን ሄራልድ አዘጋጅነት ሠራ። በመጨረሻም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆነ።

ልብ ወለዶቹ ስድስት ናቸው። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም.፥ «የኅሊና ደወል» በ1966 ዓ.ም. ወጡ፤ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ና «ደራሲው» ተከተሉ፤ «ሐዲስ»ና «ኦሮማይ» ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ታተሙ። እንግዲህ በዓሉ ከመጀመሪያው የስለላ ታሪክ ጸሐፊ አልነበረም። ወደዚህ መንገድ የመጣው በመጨረሻው መጽሐፉ ነው። ለምን መጣ? የጉዳያችን ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው።

የአማርኛ አንባቢ የስለላ ታሪክን ያውቀዋል። ማሞ ውድነህ የተረጐሙአቸው መጻሕፍት፥ በተለይም በ1965 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ስለ ተሰቀለው እስራኤላዊ ሰላይ የሚናገረው «የእኛ ሰው በደማስቆ»፥ ለብዙ ሰው የንባብ በር ከፍተዋል። በእነዚያ ታሪኮች ግን ሰላዩም ጠላቱም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። በዓሉ ያንን ትንፋሽ የሚያስይዝ አካሄድ ወስዶ ወደ ገዛ አገሩ አመጣው።

የ«ኦሮማይ» ተራኪ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ነው። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይላካል፤ ሥራውም የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ መምራት ነው። በከተማው ውስጥ የተሰገሰጉ የጠላት ሰላዮች ይታደናሉ፤ ፀጋዬም ፊያሜታ ጊላይ ከምትባል የአስመራ ልጅ ጋር በፍቅር ይወድቃል። አንባቢ ወዳጁን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል፤ ፊያሜታንም ጭምር። ገጹን የሚያስገልጠው ይህ ጥርጣሬ ነው።

ነገር ግን ሰላዩን ስንፈልግ ሳናውቀው ናቅፋ ተራሮች ሥር እንደርሳለን። እዚያ ወጣቱ በብዛት ይረግፋል፤ በሬዲዮ ግን የሚነገረው ድል ነው። በተለመደው የወንጀል ታሪክ አንድ ሬሳ ይገኝና ገዳዩ ይፈለጋል። እዚህ ግን የሞተው ብዙ ነው፤ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» የሚለው የመርማሪ ጥያቄም ባለ ሥልጣኖቹን መመልከት ይጀምራል። በዓሉ ይህን ሐሳብ በጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ሊጽፈው አይችልም ነበር፤ ቢጽፈውም የሱቅ ልጅ አያነበውም ነበር። ስለላውን የመረጠው ለዚህ ይመስለናል።

እንግሊዛዊው ጆን ለ ካሬም በስለላ መሥሪያ ቤት ከሠራ በኋላ የገዛ ወገኑን ተንኰል በልብ ወለድ አሳይቷል። እሱ ግን ሸምግሎ በሰላም ሞተ።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አንልም። ፊያሜታን የምናያት በፀጋዬ ዓይን ብቻ ስለ ሆነ፥ እሷ በልቧ ምን እንደምታስብ እምብዛም አናውቅም። ይህን መናገር ግን መጽሐፉን አክብሮ ማንበብ ነው፤ «የሥራ ፈት» ብሎ መጣል ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። «ኦሮማይ» ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ ከገበያም ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ቀን ማታ ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ቮልስዋገን መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። መጽሐፉ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ቀጠለ። የሱቁ ባለቤት፥ እንደ አባት የምናከብራቸው ሰው፥ ያኔ ወረፋ ጠብቀው በጋዜጣ ጠቅልለው እንደ ወሰዱትና ተረኛው ስለሚጠብቅ በአንድ ሌሊት እንደ ጨረሱት አጫወቱን። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ መጽሐፉም እንደ ገና ታተመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ለዓለም አንባቢ ቀረበ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ ሱቅ ተመለስን። ልጁ መጽሐፉን ጨርሶ ነበር። ሰላዩን እንዳገኘ ነገረንና «ጸሐፊውስ ምን ሆነ?» ሲል ጠየቀን። ጠፋ አልነው። «ማን አጠፋው?» አለ። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቆመን ዝም አልን።

ጓደኞቻችን፤ ያ ልጅ የጠየቀው ከመጽሐፉ የተማረውን ነው። የወንጀል ታሪክ አንባቢን የሚያለማምደው፥ ሰው ሲሞት ወይም ሲጠፋ «ማን?» ብሎ መጠየቅን፥ መልስ ሳያገኙም መጽሐፉን አለመዝጋትን ነው። ይህ ልማድ በመርካቶ ሱቅ ውስጥ ካለ፥ በዚህ አዳራሽ ሊታጣ አይገባም። ስለዚህ በዓሉን እናንብበው፤ እናስተምረው፤ የእሱንም መዝገብ ተከፍቶ እንደ ቀረ እንቊጠረው።