ያለ ደመወዝ መሸጥ፦ በኮሚሽን ብቻ የሚሠራ የማስታወቂያ ሽያጭ
በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር



የዛሬውን ርዕስ ያገኘሁት ከአንድ ወረቀት ነው። ባለፈው ክረምት ከዚሁ ፋኩልቲ የተመረቀች ልጅ ለሥራ ዋስ እንድሆናት ጠየቀችኝ። ያመጣችውን ውል ሳነብ የሥራ መደቡ «የማስታወቂያ ሽያጭ ባለሙያ»፣ ደመወዙ «በኮሚሽን» ይላል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ተጽፏል። በየቀኑ ሪፖርት እንድታቀርብ፣ ለተፎካካሪ ድርጅት እንዳትሠራ፣ ከደንበኛ የተቀበለችው ቼክ ቢጠፋ እርሷና ዋሷ እንዲጠየቁ ተጽፏል። ምንም ሳትሸጥ በምትውልባቸው ቀናት በምን እንደምትኖር ግን የሚናገር አንቀጽ የለም።

ወረቀቱ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የግል ኅትመቶች በበዙበት ዘመን፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ለአንድ መጽሔት በኮሚሽን ብቻ ማስታወቂያ እየሸጥሁ ሰባት ወር ሠርቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ግማሹ ከማስተምረው ትምህርት፣ ግማሹ ካለቀው ጫማዬ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመጣ እንመልከት። ለስሌት ያህል የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ዋጋ 20,000 ብር፣ ኮሚሽኑም 10 በመቶ ነው እንበል። 2,000 ብር በአንድ ገጽ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ሻጩ ደብዳቤ ያስገባል፤ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ይገናኛል። ፕሮፎርማ ይሰጣል፣ ዋጋ ይቀነስለት ይባላል፣ ዲዛይኑ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፣ ማስታወቂያው ይወጣል፣ ደረሰኙ ፋይናንስ ክፍል ይገባል። ቼኩ የሚፈረመው ፈራሚው ከመስክ ሲመለሱ ነው። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ደግሞ ቼኩ ከተመነዘረ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤና በኮሚሽኑ መካከል ሁለትና ሦስት ወር ቢያልፍ የሚደንቅ አይደለም። በዚህ መካከል የታክሲው፣ የስልኩና የምሳው ወጪ የሻጩ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ብንናገር፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት ለቀጣሪው ድርጅት ያለ ወለድ እያበደረ ነው።

የመጀመሪያው ወር ግን ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሆናል። ይህ አሳሳች ነገር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ገጽ የሸጥሁት ቀለም ለሚነግደው ለእናቴ ወንድም ነበር። መጽሔቱን ከፍቶ አላየውም፤ የእህቱን ልጅ ነው የረዳው። ሁለተኛው ገዥዬ የአባቴ የማኅበር ወዳጅ፣ ሦስተኛው አብሮኝ የተማረ ልጅ ወንድም ነበር። በሦስተኛው ወር የማውቃቸው ሰዎች አለቁ። ገቢዬም አብሮ አለቀ። ይህ ሲሆን ድርጅቱ የሚያጣው ብዙ አይደለም፤ ሌላ ወጣት ይቀጥራል፣ አዲሱ ወጣትም አዲስ አጎት፣ አዲስ ጎረቤት፣ አዲስ የክፍል ጓደኛ ይዞ ይመጣል። የአንዳንድ ድርጅቶች የቅጥር ማስታወቂያ ከሰሌዳ የማይወርድበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የሚሸጠው የወጣቱ ዝምድና ነው፤ ዝምድና ደግሞ እንደ ጉድጓድ ውኃ በአንድ ሌሊት አይሞላም።

አሠሪዎችን ሁሉ ጨካኞች አድርጌ ማቅረብ አልሻም። የመጽሔቱ አሳታሚ ማስታወቂያ ኖረም አልኖረም ለማተሚያ ቤት ይከፍላል። የአየር ሰዓት ገዝቶ የሬዲዮ ዝግጅት የሚያቀርበውም ስፖንሰር አገኘም አላገኘም የሰዓቱን ዋጋ ይከፍላል። እነርሱም ስጋት አለባቸው። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ስጋቱን ወደ ታች ሲያወርድ፣ በመጨረሻ የሚሸከመው ወደማንም ሊያወርድ የማይችለው ሰው መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ሲከለክል የሆነውን አስቡ። ለሕዝብ ጤና ታስቦ የወጣ ሕግ ነው፤ አልቃወመውም። ሆኖም የቢራ ፋብሪካዎች ከታላላቅ አስነጋሪዎች መካከል ነበሩ። ደመወዝ ያለው ሻጭ አንድ ደንበኛ አጣ፤ በኮሚሽን ብቻ የሚኖረው ግን እንጀራውን አጣ። ሁለቱም አልሰነፉም። እንግዲህ «የጥረትህን ያህል ታገኛለህ» የሚለው የቅጥር ቃል ሙሉ እውነት አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን ደመወዝ እየተከፈለ በአሠሪው መሪነት ከሚሠራ ሥራ ጋር ያያይዛል። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 53 ደመወዝ ናቸው ከማይባሉ ክፍያዎች መካከል ኮሚሽንን ይቆጥራል። የዓመት ፈቃድ ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያ በደመወዝ ይሰላሉ። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታም ከደመወዝ ነው። ደመወዙ ዜሮ ከሆነ፣ በደመወዝ የሚባዛው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። የሕግ ባልደረቦቼ እንዲህ ያለው ውል በእርግጥ የሥራ ውል ነው ወይስ አይደለም ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ክርክሩን ብሰማ ደስ ይለኛል።

«ደላላስ ያለ ደመወዝ አይሠራምን?» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራል። ነገር ግን ደላላ የራሱ ጌታ ነው። ሲፈልግ ይወጣል፣ ካልፈለገ ይቀራል፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ያገናኛል፤ ውሉ እንደተፈረመ እጁን ይዘረጋል። ተማሪያችን ያመጣችው ውል ግን በትእዛዝ ሠራተኛ፣ በክፍያ ደላላ ያደርጋታል። የሁለቱንም ሸክም ሰጥቶ የሁለቱንም መብት ይነሣል።

ኮሚሽን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። መጠነኛ ደመወዝ ከሥሩ ሲኖረው ሠራተኛን የሚያተጋ መልካም ሥርዓት ነው። እኔም በእነዚያ ወራት ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ እንደሚሸጥ ተምሬአለሁ። ነገር ግን የምትፈርሙትን እወቁ። ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከቅናሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የሚከፈለው ውል ሲፈረም፣ ማስታወቂያው ሲወጣ፣ ወይስ ቼኩ ሲመነዘር? ያመጣችሁት ደንበኛ በሚመጣው ዓመት ውሉን ቢያድስ ድርሻ አላችሁ? ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ የሚገባው ገንዘብስ? እኔ ሥራውን ስለቅ ሁለት ያልተሰበሰቡ ሒሳቦች ነበሩኝ። ገንዘቡ ገባ። ኮሚሽኔን ልቀበል ብሄድ «አንተኮ ወጥተሃል» ተባልሁ። የጻፍነው ነገር ስላልነበረ ተመለስሁ።

ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ደንበኛን የማሳመን ስልት በአራት ዓመት ውስጥ ደጋግመን እናስተምራለን፤ የሻጩን የራሱን ውል ማንበብ ግን በየትኛው ኮርስ እንዳስተማርን አላስታውስም። ለተግባር ልምምድ የምንልካቸው ተማሪዎችም ሙሉ ቀን ማስታወቂያ ሲሸጡ የሚውሉ ከሆነ፣ የልምምድ ፎርሙን ከመፈረማችን በፊት የታክሲውን ማን እንደሚከፍል እንጠይቅ።

የተማሪዬን ነገር ልቋጭ። መነሻ ደመወዝ ይጨመር፣ ከሥራ ብትለቅ ያልተሰበሰበው ኮሚሽን ይከፈላት የሚል ሐሳብ ይዛ እንድትመለስ መከርኋት። ሁለተኛውን ተቀበሉ፤ የመጀመሪያውን እምቢ አሉ። እርሷም ከቤት ከመዋል ይሻላል ብላ ተስማማች። እኔም ዋስ ሆኜ ፈረምሁ። ትክክል ማድረጌን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። እስካሁን ጥሩ እየሸጠች እንደሆነ ነግራኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛ ወሯን ትጀምራለች።