በአንድ ቺፕ ውስጥ የተያያዙ ፕሮሰሰሮች ምርመራ



እንደሚታወቀው፣ ቺፕ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ተፈትቶ አይጠገንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው የፔንቲየም የማካፈል ስሕተት መነሻው ከአንድ ሠንጠረዥ የጎደሉ ጥቂት ቁጥሮች ነበሩ፤ አምራቹን ኢንቴልን ግን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቶታል። ይህ የደረሰው ቺፑ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ በያዘበት ዘመን ነው። ይኸው ድርጅት በ2007 ለምርምር ያቀረበው ቺፕ 80 ኮሮችን በ8 በ10 አደራደር የያዘ ሲሆን፣ ኮሮቹም መልእክት የሚለዋወጡት በውስጣዊ መረብ ነበር።

በ1990 በደረጃነት የወጣው ጄታግ በ4 መስመሮች ብቻ የቺፕን ውስጥ ለመፈተን ያስችላል። ይሁን እንጂ መረጃው አንድ በአንድ ተሰልፎ ስለሚያልፍ፣ ኮር በበዛ ቁጥር ፈተናው ይረዝማል። ስለዚህ የመፈተኛውን መረጃ በራሱ በመረቡ ማሳለፍ አንዱ መፍትሔ ሆኗል። በዚህም ጊዜ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው መረቡ ነው፤ መንገዱ ከተበላሸ ደኅነኛው ኮር ያለ ጥፋቱ ይወነጀላልና።

ስሕተትን ማደኑ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። አንዱ ኮር ለምርመራ ሲቆም ሌሎቹ ይቀጥላሉ፤ መልእክቶች ይከማቻሉ፤ የጊዜው ቅደም ተከተል ይለወጣል፤ ይፈለግ የነበረውም ስሕተት ይሰወራል። በመሆኑም ሥራውን ሳያቋርጡ የመልእክቶቹን ጉዞ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ክፍል በቺፑ ውስጥ አብሮ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ክፍል ቦታ ይሻማል፤ ስሌትም አይሠራም። ሆኖም በንድፉ ጊዜ ያልታሰበበት መመርመሪያ ቺፑ ከተሠራ በኋላ ሊጨመር ስለማይችል፣ ለእርሱ የሚተወው ቦታ እንደ ብክነት ሊቆጠር አይገባም።