ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ሲያንሰን
በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ነገር በየቤታችን ያለ ነው። እናቶቻችን ከሥራ ሲገቡ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን እያሹ «ቁርጥማት ነው፣ ያልፋል» ይሉናል። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው «እርጅና ነው» ይላሉ፤ ገና ሃምሳ ሳይሞላቸው! እኛም ሰምተን ዝም እንላለን። አንዳንዴ ግን ነገሩ እርጅና ሳይሆን የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው።

ቫይታሚን ዲ ምን ይሠራል? ከምንበላው ምግብ ካልሲየም ወደ ደም እንዲገባና አጥንትን እንዲያጠነክር ያደርጋል። ሲያንስ በልጆች ላይ ሪኬትስ የሚባለው በሽታ ይመጣል፤ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይጎብጣል። በአዋቂ ላይ ደግሞ አጥንት ያማል፣ ጡንቻ ይደክማል። ይህን ቫይታሚን አብዛኛውን የሚሠራው ፀሐይ ሲነካው የራሳችን ቆዳ ነው።

«ታዲያ እስራኤል ፀሐይ ጠፍቶ ነው?» ትሉን ይሆናል። አልጠፋም፤ ኑሯችን ነው የተለወጠው። ጎንደር እያለን እርሻው፣ ከብቱ፣ ውሃ መቅዳቱ ሁሉ ደጅ ነበር። እዚህ ከቤት ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ፋብሪካ ነው። በመስኮት ይገባል እንዳንል፣ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። በብርዱ ወራትም ፀሐይዋ ትደክማለች። ጥቁር ቆዳችን ደግሞ ከቃጠሎ ይጠብቀናል፤ ያንኑ ጨረር ስለሚይዝ ግን ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ቆዳችን ጉድለት የለበትም፤ የለመደው ሌላ አኗኗር ነው። በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ላይ እዚህ የተደረገ ጥናት እጥረቱ በብዙዎቹ ላይ እንዳለ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አሳይቷል።

ስለ ሕፃናት እንናገር። አያቶቻችን ሕፃኑን ቅቤ ቀብተው የጠዋት ፀሐይ ያሞቁት ነበር። የእናት ጡት ወተት የሚተካው ባይኖርም፣ ቫይታሚን ዲው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነው ቲፓት ሃላብ ከልደት እስከ አንድ ዓመት በየቀኑ 400 ዩኒት ጠብታ ስጡ የሚሉን። ጠብታው የዚያ የጠዋት ፀሐይ ምትክ ነው። «ልጄ ወፍሯል፣ ምን ያደርግለታል» ብላችሁ አታቋርጡ።

አዋቂዎችስ? ሰርዲን፣ ሳልሞን፣ የእንቁላል አስኳል፣ ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት ወተት ይረዳሉ። ምግብ ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። መጠኑ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪሙም ልኩን ያዛል። የጎረቤት ኪኒን አትዋሱ። ሲበዛ በደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ቫይታሚን ዲ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው ለሚላችሁም ጆሮ አትስጡ፤ ሕመም ሁሉ ከሱ አይመጣም፣ እሱም ሁሉን አያድንም።

የመጨረሻው ቃላችን ለኛው ለወጣቶች ነው። እናቶቻችን ኩፓት ሆሊም ገብተው፣ ዕብራይስጡ ሲያስቸግራቸው «ደኅና ነኝ» ብለው ይወጣሉ። እኛ ቋንቋው አለን። አንድ ጠዋት ከሥራም ከትምህርትም ቀርተን አብረናቸው እንሂድ። የሚያማቸው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በደንብ እንንገርላቸው፤ «የቫይታሚን ዲ ምርመራ ያስፈልጋታል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ተሸክመው ላሳደጉን አንድ ጠዋት አይበዛባቸውም።