ቄጠማን ማጨድ ብቻ ሳይሆን መትከልም



ቄጠማ ለእንቁጣጣሽ ይጎዘጎዛል፤ በቀዳም ሥዑር ምእመናን በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ነገር ግን ከረግረግ የታጨደውን እንገዛለን እንጂ በግቢው የሚተክለው ስንቱ ነው? ረግረጉ ደርቆ ሲታረስ ቄጠማውም አብሮ ይጠፋል።

ከሣር የሚለየው ግንዱ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ሦስት ማዕዘን አለው። ክረምት ሲገባ ሥሩን ከነቡቃያው ከፍሎ፣ የጣራ ውሃ በሚወርድበት ስፍራ፣ በስንዝር ርቀት መትከል ነው። በበጋ አፈሩ እንዳይደርቅ ይጠጣ። ያረጀው ይታጨድ፤ ሥሩ ግን አይነቀል፣ እንደገና ያቆጠቁጣልና። ዙሪያውን በድንጋይ መከተር ይገባል፤ አለዚያ ሥሩ በመሬት ውስጥ ተስፋፍቶ የአበባውን መደብ ይወርሳል።

እንግዲህ የበዓላችንን ልምላሜ ከገበያ ብቻ አንጠብቅ፤ በየግቢያችንም እናብቅል።