የጀጎል ግንብና የሲሚንቶ ነገር



የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን ሲታነጽ ድንጋዩ በአብዛኛው ሐሺ የተባለው ኖራማ የአካባቢው ድንጋይ፣ ማያያዣው ጭቃ፣ ማጠናከሪያውም እንጨት ነበር። ፖርትላንድ ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያገኘው በ1824 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ግንቡ ከ200 ዓመት በላይ ይቀድመዋል።

ታዲያ የተሰነጠቀውን ግንብ በሲሚንቶ መድፈን ጥገና ይባላልን? ጭቃና ለስላሳ ድንጋይ የጠጡትን የዝናብ ውሃ በቀዳዳዎቻቸው መልሰው ያተኑታል። ሲሚንቶ ግን ጥቅጥቅና ግትር በመሆኑ መውጫውን ይዘጋል። ውሃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ሲገደድ፣ ያዘለው ጨው ከገጹ ሥር ክሪስታል እየሠራ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል። እንዲህም ሲሆን መጠገኛው ይቆማል፤ የተጠገነው ይፈርሳል።

በ2023 እ.ኤ.አ. አድሚር ማሲችና የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት፣ በጥንታዊው የሮማውያን ኮንክሪት ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ የኖራ ጓሎች የአሠራር ጉድለት ተብለው ቢቆጠሩም ስንጥቅ ለመድፈን እንደሚያገለግሉ አመለከተ። ውሃ በስንጥቁ ሲገባ ኖራው ይሟሟል፤ ኋላም ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጠጥራል። ይህ የሮማውያን ኮንክሪት ወደ ሐረር ይምጣ ለማለት ሳይሆን፣ የቀደምት ግንበኞች ሥራ ሳይመረመር ስሕተት አይባል ለማለት ነው።

ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ መሐንዲስ አካፋ ከማንሣቱ በፊት የነባሩን ማያያዣ ናሙና ወስዶ ጥንካሬውንና ውሃ የመምጠጥ ኃይሉን ይለካ። አዲሱ ማያያዣም ከድንጋዩ የለሰለሰ ይሁን፤ ማያያዣ ይተካል፣ የአሚር ኑር ዘመን ድንጋይ ግን አይተካምና።